ሦስቴ ተንኳኩቶ የሚጀመረው ጨዋታ

ልጄ ሜሮን ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፗን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «እማ፣ እስቲ ተጫወቺውና እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው አንድ የውጭ ጌም አለ፤ እሷና ሁለት ጓደኞቿ በዚያ ጌም ፍቅር ተነድፈው፣ ማንም ሳያዛቸውና ማንም ሳይከፍላቸው፣ የራሳቸውን ተከታይ ክፍል መሥራት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ሥዕሉ ያምራል፣ ሙዚቃው ያምራል፤ ችግሩ የሞከረው ሰው ሁሉ ገና መግቢያው ላይ ጥሎት መውጣቱ ነው። እኔም ከፈትኩት። መጀመሪያ ስለ አንድ መንግሥት ታሪክ የሚያወራ ረጅም ጽሑፍ መጣ፤ እሱን ሳልፍ የንጉሡ የዘር ሐረግ መጣ፤ እሱንም ሳልፍ የንጉሡ ጠላት የዘር ሐረግ ተከተለ፤ እዚህ ላይ መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን አሸሁ። «ሰውየው መጀመሪያ ይውደቅ፤ ስሙን በኋላ ራሳቸው ይጠይቃሉ» የሚል ነገር ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ስልኬ ላይ ዳታ ለማብራት እንኳ እሷን የምጠራ እኔ እናቷ እንዲህ ያለ ምክር ከየት እንዳመጣሁ ስትጠይቀኝ «ከአንድ የሰልባጅ ነጋዴ» አልኳት። የቀረውን አልነገርኳትም።

ያደግሁት መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆርቆሮ በር በሚገባበትና በሚወጣበት ግቢ ውስጥ ነው። ጊዜው የደርግ ነበር፤ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ፣ ወሬ በሹክሹክታ የሚገኝበት ጊዜ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እህል በረንዳ ጤፍ ይነግድ ነበር፤ ቅንድቡ ላይ የጆንያ አቧራ ሳይኖር ያየሁት ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን ደግሞ ከወሎ የመጡት ጋሼ ይማም ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከድጃ እኩያዬ፣ የአንድ ዴስክ ልጅ፣ የምስጢሬ ሁሉ ተካፋይ ነበረች፤ ወንድሟ አህመድ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ እጁ እርሳስ ካገኘ ግድግዳም ቢሆን የማይምር ሠዓሊ ነበር። ሁለቱ እናቶች ሥጋውን በየቤታቸው ያብስሉ እንጂ በበርበሬ፣ በሽሮና በሐሜት አይለያዩም ነበር፤ እኔና ከድጃ ደግሞ እኔ ስፆም እነሱ ቤት፣ እሷ ስትፆም እኛ ቤት ተደብቀን እየበላን ሁለቱንም ሃይማኖት እኩል አስቸግረናል።

ጋሼ ይማም የሚነግዱት ሰልባጅ፣ ማለትም ከባሕር ማዶ በትልልቅ ቦንዳ ተጠፍሮ የሚመጣውን ያገለገለ ልብስ ነበር። ቦንዳዎቹ የሚቀመጡት በግቢያችን ጫፍ ባለች አንዲት የጭቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ መጋዘኗ አንድ በርና ወደ ግቢው የምታይ መስታወት የሌላት ትንሽ መስኮት ነበራት። በአጠገቧ ሲታለፍ ናፍታሊን፣ የዛገ ብረትና የማናውቀው አገር ሰው ቁምሳጥን አንድ ላይ ይሸታሉ።

ዐሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ዓመት ነው አንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ልጅ፣ ወደ አሰብ የሚመላለስ ሾፌር አጎቱ ያመጣለትን ተአምር ይዞ ሰፈር የወጣው። ከሳሙና ማስቀመጫ የማይበልጥ ነገር ነበር፤ ግራጫው መስታወት ውስጥ ጥፍር የሚያክል ጥቁር ሰውዬ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ወንዝ ይሻገራል፣ በዘለለ ቁጥር «ጢጥ» ይላል፣ ከወደቀ ደግሞ አንድ የሚያሳዝን ድምፅ ያሰማና ያበቃል። ሰፈሩ አበደ። ባለቤቱ ከረሜላ ላካፈለው ሁሉ ጥቂት ዝላይ ይፈቅድ ነበር፤ አህመድ እንኳ በዚያ ቁመቱ ከኛ ከሕፃናቱ ጋር ተሰልፎ ተጫውቷል። ከዚያ ባትሪው አለቀ። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ ያቺ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጠፍጣፋ ባትሪ ግን አልተገኘችም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጌሙን አገላብጠው ካዩ በኋላ «የጭነት መኪና ባትሪ ይሆናችኋል?» ብለውናል፤ ከልባቸው ነበር።

ወዲያው ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ፤ ቀበሌው በለጠፈው ዝርዝር ላይ የአህመድ ስም ነበረበት። በነጋታው እትዬ ዘይነባ «ልጄ ደሴ አጎቱ ጋ ሄደ» ብለው ለሰፈሩ አወሩ፤ ልጇ የራቀባት እናት እንደምታደርገውም ትንሽ አለቀሱ። አህመድ ግን ደሴ ሳይሆን መጋዘኗ ውስጥ፣ ከቦንዳዎቹ ጀርባ፣ ፍራሽ ተነጥፎለት ነበር። ማንም እንዳይጠረጥር በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ መክፈቻው እትዬ ዘይነባ መቀነት ላይ ይታሰራል፣ ምግቡም በልብስ ተጠቅልሎ ይገባለታል። ይህን ማወቅ የነበረባቸው እነሱ ቤት ያሉት ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ከድጃ ሆድ ውስጥ ምስጢር ከሁለት ቀን በላይ አድሮ ስለማያውቅ እኔም አወቅሁ።

ሰው ተዘግቶበት ሲከርም ምን እንደሚሆን ያኔ አይገባኝም ነበር። አህመድ የመጀመሪያውን ሳምንት ተኝቶ አሳለፈው፤ በሁለተኛው ሳምንት ምግቡን እንዳለ መመለስ ጀመረ፤ እትዬ ዘይነባም የተመለሰውን ሳህን እያዩ አብረው ከሱ። አንድ ቀን ከሰዓት እኔና ከድጃ መስኮቷ ሥር ተቀምጠን ባትሪ አልቆበት ስለቀረው ጌም ስናለቃቅስ ከውስጥ «ካርቶን አምጡልኝ» የሚል ሹክሹክታ ሰማን። ካርቶን አመጣን። ከዚያ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ ሁለት የመጥረጊያ እንጨትና የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አዘዘን፤ አንድ በአንድ በመስኮቷ አቀበልነው።

የሠራው ነገር ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ወረቀቱን አገጣጥሞ ረጅም ጥቅል ካደረገው በኋላ በሁለቱ እንጨቶች ላይ ጠመጠመው፤ እሱ ከኋላ እንጨቱን ሲያሽከረክር በካርቶኑ ፊት በኩል ወንዝ፣ ገደል፣ አዞና ፍሬኑ የተበጠሰ አውቶቡስ ተራ በተራ ያልፋሉ። በጃንጥላው ሽቦ ጫፍ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ሰውዬ ተሰክቷል፤ ተጫዋቹ ከውጭ ሽቦውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሰውየውን ከሚመጣው አደጋ ሁሉ ያተርፈዋል። ሳጥኑን ከውስጥ መስኮቷ ላይ ገጥሞ ዙሪያውን በጨርቅ ስለጠቀጠቀው ከውጭ ለሚያይ ሰው በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ልጆች መጥተው እንዲጫወቱበት፣ እሱም ከግድግዳው ጀርባ ሆኖ ድምፃቸውን እንዲሰማ ፈለገ። አደጋ እንዳለው ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ከድጃ ወንድሟ በላ፣ እኔ ደግሞ ጌም አገኘሁ፣ እናም ማናችንም «ይቅር» የሚል ቃል አላወጣንም።

ከድጃ ሰው ፊት መቆም ስለምታፍርና እኔ ደግሞ ማፈር ስላልፈጠረብኝ ጨዋታውን የማስጀመር ሥራ ለኔ ተሰጠ። የግቢውን ልጆች ሰብስቤ በተረት ወግ ጀመርኩላቸው፤ ሰውየው የት እንደተወለደ፣ አባቱ ምን እንደነበሩ፣ ከእንጀራ እናቱ ጋር በምን እንደተጣላ፣ ወንዙን ለምን መሻገር እንዳለበት። ገና ከእንጀራ እናቱ ቤት ሳላወጣው ግማሾቹ ብይ ሊጫወቱ ሄዱ፤ ከቀሩት አንደኛው እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከግድግዳው ጀርባ አህመድ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት፤ በዚያ ቀን ማታ እናቱ ያስገቡለት ሳህን እንዳለ መመለሱን ከድጃ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለኔ ጨዋታ አልነበረም፤ ልጆቹ ከሄዱ አህመድ አይበላም።

መላውን ያገኘሁት ከጋሼ ይማም ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ስለነበርን ከሰዓት ከሰዓት ሱቃቸው በረንዳ ላይ እንውል ነበር፤ አዲስ ቦንዳ በሚከፈትበት ቀን ጋሼ ይማም የሚያደርጉትን ብዙ ጊዜ አይቼ ልብ ሳልለው ኖሬያለሁ። ቦንዳው ወጥቶ ይቀመጣል። እሳቸው አይነኩትም። ይዞሩታል፤ በመዳፋቸው ጠብ ጠብ ያደርጉታል፤ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው የሚያዳምጡ ይመስላሉ፤ ሻይ አዝዘው ቆመው ይጠጣሉ፤ ቢላቸውን ከሳሉ በኋላ አንዱን ጠፍር ብቻ ይቆርጡና ከሚያልፍ ሰው ጋር የረጅም ጊዜ ሰላምታ ይጀምራሉ። ይሄኔ ምንም ሊገዛ ያልወጣ መንገደኛ ሁሉ ተገፋፍቶ ይቆማል። የመጨረሻው ጠፍር ሲቆረጥ ቦንዳው ራሱ ይፈነዳና ልብሱ ይዘረገፋል፤ ሕዝቡም ሳይጠይቅ ይሻማል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው ቢላቸውን እየጠረጉ «አየሽ ውዴ፣ ሱሪ ነው፣ ኮት ነው ብዬ አስቀድሜ ከነገርኩት ምን ሊጠብቅ ይቆምልኛል? መጀመሪያ ልቡ ይንጠልጠል። ዝም በይው፣ ወላሂ ራሱ ይጠይቅሻል» አሉኝ።

ይህንን በመስኮቷ ለአህመድ ሳወራለት ድምፁን አፍኖ ሳቀ፤ በዚያው ሳምንት የጥቅሉን መጀመሪያ ቀድዶ እንደ አዲስ ሣለው። አዲሱ አጀማመር እንዲህ ነበር። መስኮቷ በቦንዳ መጠቅለያ ጆንያ ተሸፍናለች። እኔ አንድም ቃል ሳልናገር በፊቷ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ከዚያ የመስኮቷን እንጨት ሦስቴ አንኳኳለሁ። ዝም። ልጆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ከውስጥ ሦስቴ ይመለሳል። ያን ጊዜ ጆንያውን ከሥር ትንሽ ብቻ ገለጥ አደርገዋለሁ፤ የሚታየው የገደል ጫፍና የሰውየው ሁለት እግር ነው። «ማን ይይዘዋል?» እላለሁ፤ ጆንያው ይወድቃል፤ ሰውየው ቀድሞውኑ ገደል እየገባ ነው፤ ሽቦውን ፈጥኖ የያዘ ያተርፈዋል። ስሙን፣ አባቱንና እንጀራ እናቱን የጠየቀ ልጅ አልነበረም፤ ኋላ ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁሉንም ካልነገርሽን ብለው ቀሚሴን ይጎትቱኝ ነበር።

ቀናችን አርብ ነበር፤ ጋሼ ይማም ጁምዓ ሶላት ላይ ይሆናሉ፣ እትዬ ዘይነባ ደግሞ በራቸውን ገርበብ አድርገው ጋደም ይላሉ። በሁለተኛው አርብ የጎረቤት ግቢ ልጆች መጡ፤ በሦስተኛው ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው መጡ። ሳጥኑ በምን እንደሚንቀሳቀስ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ግማሹ ጂኒ ነው፣ ግማሹ ሰይጣን ነው ሲል አንድ የተማረ የሚመስል ልጅ «ዳይናሞ አለው» ብሎ ሁሉንም አሸነፈ። አህመድ የዚያን ሰሞን ሳህኑን በባዶው ይመልስ ጀመር። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ቀስ በቀስ ስለ እሱ ማሰቤን እየተውኩ ስለ አጀማመሬ ብቻ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ስንት ልጅ ትንፋሹን እንደያዘ፣ የቱ ጋ ትንሽ ብቆይ ይበልጥ እንደሚጨነቁ።

በአራተኛው አርብ ግቢው ሞልቶ የቆርቆሮው በር ላይ ሳይቀር ልጅ ቆሟል። ከልጆቹ ጀርባ ጠመንጃ ያነገተ ሰው አየሁ፤ የቀበሌው ታጣቂ ጌታሁን ነበር። ከአህመድ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው፤ አብረው ኳስ ሲያባርሩ ያደጉ ናቸው። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ገብቶ መጠየቅ ሥራው ስለሆነ «ምንድነው ይሄ ሁሉ ልጅ?» አለ። «ጨዋታ ነው ጋሼ፣ የሚወድቅ ሰውዬ አለ» ብለው ሁሉም ባንዴ ነገሩት። «በሉ ቀጥሉ፤ እኔም ልየው» አለና ጠመንጃውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም።

ከድጃ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እስኪበልዝ ድረስ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ዛሬ ተበላሽቷል ማለት እችል ነበር። ሳላንኳኳ ጆንያውን ገልጬ መጀመርም እችል ነበር፤ አህመድ ብርሃኑን አይቶ ማሽከርከር ይጀምራል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ጌታሁንም ዳይናሞ ነው ሲሉት አምኖ፣ ስቆ ይሄዳል። ነገር ግን ያን ያህል ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። ትልቅ ሰው፣ ያውም ጠመንጃ የያዘ ትልቅ ሰው፣ የኔን አጀማመር ሊያይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፤ ሳያንኳኩ መጀመር ደግሞ አጀማመሩን ማበላሸት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ሦስቴ አንኳኳሁ።

ከውስጥ ሦስቴ ተመለሰ። ልጆቹ እንደ ወትሯቸው ጸጥ አሉ። ጌታሁን ግን መስኮቷን አልነበረም የሚያየው፤ ከውጭ የተቆለፈውን የመጋዘኗን በር ነበር። ቀስ ብሎ ተነሳና «ውስጥ ማነው?» አለ። ወደ እነ ጋሼ ይማም ቤት ዞሮ «እትዬ ዘይነባ፣ ቁልፉን ያምጡት እስቲ» ብሎ ሲጣራ ወዲያውኑ ወጡ፤ የተኙ ሰው አይመስሉም ነበር። ቁልፉን ከመቀነታቸው ሳይፈቱ በመዳፋቸው ጨበጡት። «ጌታሁን ልጄ፣ አብራችሁ አይደል እንዴ ያደጋችሁት?» አሉት። «ትእዛዝ ነው እትዬ፤ እኔንም ይጠይቁኛል» አለ ወደ መሬት እያየ፤ እውነቱን ነበር ይመስለኛል።

በሩ ሲከፈት አህመድ ፂሙ አድጎ፣ ጣቶቹ በቀለም ጠቁረው፣ ፀሐዩ ዓይኑን እየወጋው ወጣ። አንዲት ትንሽ ልጅ የጨዋታው ክፍል መስሏት አጨበጨበች። እናቱን አቅፎ ሳማቸው፤ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለና «ውዴ፣ ሽቦው ላልቷል፤ አጥብቂው» አለኝ። የነገረኝ የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው።

ጋሼ ይማም ከመስጊድ ተመልሰው ቀበሌ ቢሮጡ፣ ሽማግሌ ቢልኩ የሚሆን አልሆነም። ከማሰልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ዳር ዳሩ ላይ አዞና አውቶቡስ ሥሎበት ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ፤ ከዚያ ምንም። በዓመቱ ጌታሁንም ዘምቶ በዚያው ቀረ። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በእግሩ ከተማዋን ባጥለቀለቃት ጊዜ እትዬ ዘይነባ በቆርቆሮው በር ላይ ቆሎና ውኃ ይዘው ይቆሙ ነበር፤ ለሁሉም ይሰጡና ፊቱን አይተው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። እኔ ሽቦውን አጥብቄዋለሁ፤ የሚያሽከረክር ሰው ግን ስላልነበረ ሳጥኑ እዚያው መስኮቷ ላይ እርጥበት በልቶት ተበጣጠሰ። አሁን ግቢው የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የልጆች ጫማ ይሸጣል፤ መስኮቷ በየት በኩል እንደነበረች ቆሜ ባሰላም አላገኘኋትም።

እትዬ ዘይነባ ያረፉት ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ለቅሶ ቤት ከከድጃ ጎን ተቀምጬ ሳለ «እማ እኮ ጨዋታውን ታውቅ ነበር» አለችኝ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ። «አርብ አርብ ተኝታ አልነበረም፤ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ታዳምጥ ነበር። ልጆቹ ሲጮኹ አህመድ ሲስቅ ይሰማታል። እስከ መጨረሻዋ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ‹ልጄን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሳቁን ልስማ ብዬ ሳልከለክላችሁ ቀረሁ› ነው የምትለው።» ክንዴን ስለመቆንጠጧ ምንም አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም።

እትዬ ዘይነባ በሕይወት ሳሉ በአረፋ በየዓመቱ ቤታቸው እሄድ ነበር። እጃቸውን ስስም ግንባሬን ይስሙኛል፤ «አህመድዬ ይወድሽ ነበር» እያሉ ከሰው ሁሉ ለይተው አጠገባቸው ያስቀምጡኛል፤ ስንትና ስንት ጊዜ ሁለታችን ብቻችንን ቆይተናል። አንድ ቀን «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ሳላንኳኳ መጀመር እችል ነበር» ብያቸው ቢሆን ይረግሙኝ ይሆናል፣ አውፍ ብለው ይቅር ይሉኝም ይሆናል። ቢያንስ ግን የልጃቸውን ሳቅ መስማታቸው ልጃቸውን እንዳሳጣቸው አምነው አይሞቱም ነበር።